ቫሎን-ፖን-ዳርክ ሄዶ ድንኳን ለመትከል ላሰባችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሊዮን ነው። ሰመር ሲመጣ ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ድንኳናችንን መኪና ላይ ጭነን ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ አርዴሽ ወንዝ እንወርዳለን። ፎቶ ባጋራሁ ቁጥር ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከስዊድን፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ያው ጥያቄ ይመጣልኛል። ስለዚህ መልሱን ሁሉ አንድ ላይ ጻፍኩት።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዋጋው ነው። እኔ ከወንዙ ጀምሩ እላለሁ። ከቤተሰቡ ማን ዋና ይችላል? ማን አይችልም? የምትሄዱበት ወር፣ የምትመርጡት ካምፒንግ፣ የቀኑ ፕሮግራም ሁሉ የሚወጣው ከዚህ መልስ ነው።

ቦታው የት ነው? ለምንስ እሱን መረጥሽ?

ቫሎን-ፖን-ዳርክ አርዴሽ በሚባለው የፈረንሳይ አውራጃ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዋ 2,500 አይሞላም። ጁላይና ኦገስት ላይ ግን መንገዱም ዳቦ ቤቱም ወንዝ ዳሩም ሰው በሰው ይሆናል፤ በዙሪያዋ ያሉት ካምፒንጎች በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው።

ወንዙ ከሴቬን ተራሮች በኩል ተነስቶ ወደ 125 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከትልቁ የሮን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። የከተማዋ ስም የመጣው ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው ፖን ዳርክ ነው። ወንዙ ራሱ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ የሠራው የተፈጥሮ ድልድይ ነው፤ ቁመቱ ወደ 54 ሜትር ይሆናል። ማለዳ፣ ካኖዎቹ (በመቅዘፊያ የሚነዱት ትንንሽ ጀልባዎች) ሳይመጡ ብትሄዱ ከቅስቱ ሥር ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ወፎቹ ከድንጋዩ ስንጥቅ ሲወጡ የክንፋቸው ድምፅ ይሰማል። እኔን በየዓመቱ የሚመልሰኝ ይህች አንድ ሰዓት ናት።

በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል?

ልጆች ትምህርት ቤት ካልጀመሩ፣ ወይም ፈቃድ እንደልብ የሚሰጣችሁ ከሆነ፣ ጁን አጋማሽ። ውሃው በቂ ነው፣ ሰው ገና አልሞላም፣ ዋጋውም ወርዶ ነው። የሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ደስ ይላሉ፤ ውሃው ሞቆ ቆይቷል፣ ወንዝ ዳሩ ጸጥ ብሏል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ግን ስለ ጎርፍ የጻፍኩትን ሳታነቡ አትወስኑ።

ጁላይና ኦገስት የግድ ከሆነባችሁ ጠንክራችሁ ተዘጋጁ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚሆንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እኛ ጁላይ ሲባል ክረምት፣ ዝናብ፣ ጭቃ ትዝ ይለናል። እዚያ ግን ሣሩ ደርቆ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። በዚህ ወቅት ወንዙም ይቀንሳል፤ ካኖው አንዳንድ ቦታ ጠጠር ላይ ይቀመጥና ወርዳችሁ ትጎትታላችሁ። አብዛኞቹ ካምፒንጎች ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ነው የሚከፈቱት፤ በብርዱ ወራት ይዘጋሉ።

ስንት ያስወጣል? ቦታ መያዝ ያለብንስ መቼ ነው?

ዋጋው በየዓመቱ ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍላችሁም፤ አሠራሩን ግን ልንገራችሁ። ካምፒንጎቹ ከ1 እስከ 5 ኮከብ አላቸው። የድንኳን ቦታ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በጥቅል ነው፦ ቦታው፣ አንድ መኪና፣ ሁለት ሰው። ከዚያ በላይ ያለው ሰው ለብቻው ይደመራል፣ ኤሌክትሪክም ለብቻው ሊደመር ይችላል። ለአዋቂዎች በየቀኑ የምትከፈል ትንሽ የቱሪስት ግብርም አለች። ስለዚህ መጀመሪያ የምታዩት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። የሁሉንም ሰው ዕድሜ አስገብታችሁ ድምሩን እስክታዩ ድረስ አትወስኑ።

አምስት ኮከብ ማለት የውሃ መንሸራተቻ፣ የማታ ሙዚቃ፣ ሬስቶራንት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ካላስፈለጋችሁ ሁለት ኮከብ ያለው የቤተሰብ ካምፒንግ ወይም ማዘጋጃ ቤት የሚያስተዳድረው ይበቃችኋል። ሻወሩ ንጹሕ ነው፣ ዛፍ አለ፣ ወንዙም ያው ወንዝ ነው።

ለጁላይና ለኦገስት ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ ያዙ። ሞቢል ሆም (ካምፒንጉ ውስጥ ያለ ተገጣጣሚ ቤት) የምትከራዩ ከሆነ በዚህ ወቅት አብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው የሚከራየው፤ ሦስት ቀን ብቻ ብላችሁ ብትጠይቁ አይሆንም ነው መልሱ። አንሶላና ፎጣም ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ጋር አይመጣም። ስትገቡ መያዣ ይወስዱና ስትወጡ ቤቱን ጠርጋችሁ ካስረከባችሁ ይመልሱላችኋል።

የትኛውን ቦታ እንምረጥ? ውሃው አጠገብ ይሻላል?

ፎቶው ላይ ውሃው አጠገብ ያለው ያምራል። ትንንሽ ልጅ ካላችሁ ግን እኔ አልመክርም። ድንኳኑ ከወንዙ አሥር እርምጃ ከሆነ እናትና አባት ቀኑን ሙሉ እንደ ዘበኛ ቆመው ይውላሉ። ከወንዙ ራቅ ያለ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ብዙ ያልራቀ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥላ ያለው ቦታ ጠይቁ። እሱም የከሰዓት ጥላ ይሁን። የጠዋት ጥላ ብቻ ያለበት ድንኳን ስምንት ሰዓት ላይ ምድጃ ነው። ለካምፒንጉ ኢሜይል ስትጽፉ «ከሰዓት በኋላ ጥላ ያለበት ቦታ እንፈልጋለን» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ይሰሟችኋል።

ካምፒንግ ሳንከፍል ወንዙ ዳር ዝም ብለን መትከል አንችልም?

አይቻልም። ከፖን ዳርክ ወደ ታች ያለው ሸለቆ ከ1980 ጀምሮ ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ ማደር የሚፈቀደው ጎ እና ጉርኒዬ በሚባሉ ሁለት ማደሪያዎች ብቻ ነው፣ ያውም ቀድሞ ቦታ ለያዘ። ካኖ ላይ ሁለት ቀን ለማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው ድንቅ ነው። በምሽት መብራት የለም፣ ሰማዩ በኮከብ ይሞላል። ግን ማስያዝ ግድ ነው።

መኪና ከሌለን እንዴት እንደርሳለን?

ከፓሪስ ጋር ደ ሊዮን ጣቢያ ተነስቶ ሞንቴሊማር የሚቆም ፈጣን ባቡር አለ፤ ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከሞንቴሊማር ወዲያ በአውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለማይመላለስ መጀመሪያ የአውቶቡሱን ሰዓት እዩ፣ ከዚያ የባቡሩን ትኬት ቁረጡ። ብዙ ሰው በተገላቢጦሽ አድርጎ ጣቢያ ላይ ግማሽ ቀን ይቀመጣል።

በመኪና ለምትመጡ ደግሞ፦ ከሊዮን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጁላይ መጨረሻና ኦገስት መጀመሪያ ላይ ያሉትን ቅዳሜዎች ግን ሽሹ። በሮን ሸለቆ የሚወርደው ኤ7 አውራ ጎዳና በእነዚያ ቅዳሜዎች ይቆማል፤ የፈረንሳይ የትራፊክ መረጃ አገልግሎት ራሱ «ጥቁር» ብሎ ቀለም የሚሰጣቸው ቀናት አሉ። ዓርብ ማታ ዘግይቶ ወይም እሑድ መነሳት ይሻላል።

ቪዛና ወረቀት ላይስ?

በሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከፓስፖርቱ ጋር ይዞ ከመጣ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ሁለቱንም ያዙ፣ ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናውን። እንግሊዝ አገር የምትኖሩና በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ከአዲስ አበባ ለምትመጡም እንደዚያው። ለቪዛ ማመልከቻው የሆቴል ወረቀት የግድ አይደለም፤ ስማችሁና ቀኑ ያለበት የካምፒንግ ማረጋገጫም ማረፊያ እንዳላችሁ ያሳያል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ምን ዕቃ እንያዝ?

ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ እኔ ሰው የሚረሳውን ብቻ ልናገር። አንደኛ፣ ካስማ። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ካስማ አርዴሽ መሬት ላይ ይጎብጣል፤ ደረቅና ድንጋያማ ነው። ወፍራም የብረት ካስማና መዶሻ ያዙ። ሁለተኛ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ ተረከዝን የሚይዝ ጫማ። ወንዙ ድንጋይ ነው፤ ነጠላ ጫማ ወዲያው ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ጋዝ። በየሱፐርማርኬቱ በብዛት የምታገኙት በመጫን የሚገጥመውን ካርትሪጅ ነው። ምድጃችሁ በማሽከርከር የሚታሰር ከሆነ ቀድማችሁ ከስፖርት ዕቃ መደብር ግዙ። በአውሮፕላን ጋዝ ይዞ መጓዝ ክልክል ነው። ከዚህ ሌላ የግንባር ባትሪ፣ ልብስ ማስጫ ገመድና ረዥም የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ፤ የመብራቱ ሳጥን አንዳንዴ 20 ሜትር ይርቃል።

ዋና ካልቻልን ካኖ መውጣት እንችላለን?

ይህን ጥያቄ በጣም አከብረዋለሁ፤ ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፣ ማፈርም አያስፈልግም። መልሱ ግን አይ ነው። ካኖ ለመከራየት 25 ሜትር መዋኘትና ጭንቅላትን ውሃ ውስጥ መንከር መቻል አለባችሁ። ልጆች ደግሞ ቢያንስ 7 ዓመት ሊሞላቸው ይገባል። አከራዩ አይቶ ላይጠይቃችሁ ይችላል። ባይጠይቃችሁም ለራሳችሁ እውነቱን ተናገሩ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት የእህቴ ልጅ አብሮን ነበር። ያኔ 11 ዓመቱ ነው፣ ገንዳ ውስጥ እንደ ዓሣ የሚዋኝ ልጅ። ከፖን ዳርክ በፊት ውሃው ድንጋይ እየመታ የሚፈጥንበት ቦታ አለ። እዚያ ካኖአችን ተገለበጠ። ልጁ ብቅ ሲል አፉን ከፍቶ አየር መሳብ አቃተው። የላይፍ ጃኬቴን ማሰሪያ ጨብጦ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ አልለቅም አለ። ዳር ስንደርስ ውሃው ወገቤ ጋ ብቻ ነበር። ገንዳና የሚሄድ ውሃ አንድ እንዳልሆኑ ያን ቀን ገባኝ። እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኸው ነው፤ ከላይ ሲያዩት የሚጫወት ይመስላል።

እና ከተገለበጣችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁ ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ወደፊት ይሁን። ውሃው በሚፈጥንበት ቦታ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር በድንጋይ መሃል ከተያዘ ውሃው ገፍቶ ይደፋል። ካኖውን ተዉት፣ ሰው ያዙ። ላይፍ ጃኬቱን ሙቀት ነው ብላችሁ አታውልቁ፣ የልጆቹን ማሰሪያ ደግሞ ራሳችሁ ጎትታችሁ እዩ።

ርዝመቱን በተመለከተ ለመጀመሪያ ጊዜ 8 ኪሎ ሜትሩ ይበቃል። ከቫሎን ተነስቶ በፖን ዳርክ ሥር አልፎ ሻም የሚባል ቦታ ያበቃል። እየዋኛችሁ፣ እየበላችሁ ግማሽ ቀን ነው። ሙሉው ሸለቆ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሳን-ማርታን-ዳርዴሽ አካባቢ ነው የሚያልቀው፤ በአንድ ቀን ከሆነ ክንድ ይጠይቃል፣ በጠዋት መነሳትም ግድ ነው። መውጫው ላይ አከራዩ በአውቶቡስ ይመልሳችኋል። ስልክና ቁልፍ ውሃ የማያስገባው በርሜል ውስጥ ይገባል። ክዳኑን ከዘጋችሁ በኋላ ገልብጣችሁ ፈትኑት።

ዋና የማይችሉት ምን ያድርጉ? ካምፒንጎቹ አካባቢ ውሃው ጥልቀት የሌለው፣ ጠጠራማ ዳርቻ አለ። እግር ነክሮ መቀመጥ፣ ድንጋይ እየደረደሩ ትንሽ ግድብ መሥራት፤ ልጆቼ በዚህ ሙሉ ቀን ይውላሉ። ጉዟችሁ ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ዋና ተመዝገቡ። ባለቤቴ በ38 ዓመቱ ነው የተማረው።

ጎርፍ ይመጣል ሲሉ ሰማን፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። ከሜዲትራኒያን የሚመጣው እርጥብ አየር የሴቬንን ተራሮች ሲመታ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከባድ ዝናብ ይጥላል። ወቅቱም በተለይ መጸው ላይ ነው፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ። አገራችን ላይ ደራሽ ውሃ የምንለው ማለት ነው፦ እናንተ ጋ ፀሐይ ነው፣ ላይ ግን ዘንቧል። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1992 እዚሁ ጎረቤት አውራጃ ቬዞን-ላ-ሮሜን ላይ የኡቬዝ ወንዝ ሞልቶ ወንዝ ዳር የነበረ ካምፒንግ ጠርጎ ወስዷል፣ ብዙ ሰው ሞቷል። ዛሬ በአደጋ ቀጠና ያሉ ካምፒንጎች የማስጠንቀቂያና የመውጫ ዕቅድ አላቸው።

እናንተ የሚጠበቅባችሁ ቀላል ነው። በገባችሁ ቀን የመውጫውን ካርታ እዩ፣ ከፍ ያለው መሰብሰቢያ የት እንደሆነ ለልጆቹ በእግር አሳዩአቸው። የሜቴዎ-ፍራንስን (የፈረንሳይ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት) የቀለም ማስጠንቀቂያ በየጠዋቱ ተመልከቱ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ብርቱካናማ ከሆነ የወንዝ ፕሮግራም የለም። ማታ ውጡ ከተባላችሁ ድንኳኑን አትንቀሉ፤ ልጆቹን፣ ወረቀታችሁንና ጫማችሁን ይዛችሁ ውጡ። የአደጋ ስልክ 112 ነው።

ምግብስ? እንጀራ መጋገር ይቻላል?

ምጣዱን ይዛችሁ እንዳትደክሙ መጀመሪያ ሥሩ የተጻፈውን ዋት አንብቡ። የድንኳን ቦታ መብራት ብዙ ጊዜ 6 ወይም 10 አምፔር ነው። 6 አምፔር ማለት 1,380 ዋት ገደማ ነው፣ 10 ደግሞ 2,300። ከዚያ በላይ የሚስብ ምጣድ ከሰካችሁ መብራቱ ድርግም ይላል፣ አንዳንዴም የጎረቤታችሁን ጨምሮ። እኛ እንጀራችንን ከቤት ጋግረን፣ ለየብቻው በላስቲክ ጠቅልለን፣ ግማሹን አቀዝቅዘን እንይዛለን። በሙቀቱ ቶሎ ስለሚሻግት ያልቀዘቀዘውን በሁለት ቀን ጨርሱት።

ከዚያ ወዲያ ሽሮ ነው። ዱቄት ነው፣ አይበላሽም፣ ጋዝም አይፈጅም። ኦገስት 7 የፍልሰታ ጾም ስለሚገባ የምትጾሙ ከሆነ ጉዟችሁ ከጾሙ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ግን አትጨነቁ። ሐሙስ ጠዋት በቫሎን ገበያ ቲማቲም፣ ኮክ፣ የወይራ ፍሬ፣ ሐብሐብ ሞልቶ ታገኛላችሁ። «ትራዲሲዮን» የሚባለው ባጌት ደግሞ በ1993 ድንጋጌ መሠረት ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው ዋናው፤ ወተትም ቅቤም የለበትም። ለማይጾም ሰው ፒኮዶን የሚባለውን የፍየል አይብ እመክራለሁ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትመጡ ቅቤና ቋንጣ እንዳትይዙ፤ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው።

ወንዙ ሲሰለቸን ምን እንይ?

ሾቬ 2። ዲሴምበር 1994 ሦስት የዋሻ አሳሾች ከፖን ዳርክ አጠገብ የተዘጋ ዋሻ አገኙ። ግድግዳው ላይ ከ36,000 ዓመት በፊት ገደማ የተሳሉ ሥዕሎች ነበሩ። ዋናው ዋሻ እንዳይበላሽ ለሕዝብ ተዘግቷል፤ በ2014 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የምትገቡት በ2015 የተከፈተው፣ ከከተማው በላይ የተሠራው ትክክለኛ አምሳያ ውስጥ ነው። ልጄ ፈረንሳይ ውስጥ አውራሪስና አንበሳ ተስሎ ስታይ «እማዬ፣ እነዚህ የእኛ አገር እንስሳት አይደሉም እንዴ?» ብላ ዓይኗ ፈጠጠ። ትኬቱ ሰዓት ስላለው ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። በጣም በሞቀ ቀን ደግሞ አቨን ዶርኛክ ዋሻ ውረዱ። ውስጡ ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ነው፣ ሹራብ ያዙ።

ካምፒንጉ ውስጥ የማናውቀው ደንብ አለ?

ገንዳ ውስጥ ወንዶች ሰፊ ቁምጣ ለብሰው መግባት ብዙ ቦታ ይከለከላሉ፤ ሰውነት ላይ የሚጣበቀው የዋና ልብስ ነው የሚፈለገው። በር ላይ ተመልሶ የሚያለቅስ ጎረምሳ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ከቤት ግዙለት። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው። ድንኳን ግድግዳ የለውም፤ ስልክ ስታወሩ ጎረቤት አማርኛ ባይገባውም ድምፃችሁን ይሰማል።

ጀበና ይዘን መምጣት እንችላለን? ከሰልስ?

ጀበናው ይምጣ፣ ከሰሉ ይቅር። በሰመር ደኑና ቁጥቋጦው ደርቆ ስለሚቆይ የእሳት እገዳ አለ፤ ካምፒንጎችም ከሰልን በአብዛኛው ይከለክላሉ። ዕጣን ለማጨስ የምትያዝ አንዲት ፍም ጭምር። ነፋሱ ከተነሳ አንዲት ብልጭታ ምን እንደምትሠራ ከእኛ ይልቅ የአካባቢው ሰው ያውቃል።

እኛ ቡናውን ቤት ቆልተን፣ ፈጭተን፣ በጠርሙስ ዘግተን እንወስዳለን። ጀበናው መሬት ላይ በተቀመጠ የጋዝ ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ ነፋሱን በምግብ ማቀዝቀዣው ሳጥን እንከልላለን። የሸክላው ቂጥ እንዳይሰነጠቅ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ትንሽ የብረት ወንፊት በመሃል ብታደርጉም ይሻላል። ሲኒዎቹን በፎጣ ጠቅልሉ። ሁለት ትርፍ ሲኒም ያዙ፤ ሽታው ሲሄድ የጎረቤት ድንኳን ዚፕ መከፈቱ አይቀርም።